የሚጠበቀው አየር

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። አዲስ ነርስ ነበርኩ። ቤታችን መካኒሳ አቦ፣ የተመደብኩበት ሆስፒታልም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ የምሠራው ወንዶች የሚተኙበት የቀዶ ጥገና ክፍል ነበር። ከዚያ ክፍል ታካሚዎች ሁሉ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ ከሀና ማርያም የመጡት አባባ ናቸው።

ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ቁጥብና ኩሩ ሰው ነበሩ። አንጀታቸው ዞሮ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ መጡና ወዲያው ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሄደ። ግን የተነካካ አንጀት ይተኛል። መንቃቱ ከሚታወቅባቸው ነገሮች ዋናው አየር መውጣቱ ነው። እስከዚያ በአፍ የሚገባ ነገር የለም፣ ውሃም ቢሆን። በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶላቸው፣ እኔ ጎዝ እያረጠብኩ የደረቀ ከንፈራቸውን አብስላቸዋለሁ።

ዶክተሩ ሲጎበኛቸው፣ “አባባ፣ አየር ወጣ?” አላቸው።

“የምን አየር?”

“ፈስ ነዋ!”

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። “እኔ በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም” አሉ።

በማግስቱም መልሳቸው ያው ሆነ። በዚያ ላይ ሆዳቸው እንደገና መወጠር ጀመረ። ዶክተሩ ወደ በሩ ጠራኝና፣ “እስከ ነገ ካልሆነ ራጅ እናነሳለን፤ ምናልባትም እንደገና መክፈት ይመጣ ይሆናል” አለኝ። በዚያ ዕድሜያቸው ሁለተኛ ቢላዋ እንዴት ይችላሉ?

ተመልሼ ማዳመጫዬን ሆዳቸው ላይ አኖርኩና ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። መጀመሪያ ዝም። ቆይቶ ግን ከሩቅ ጉርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ደገመም። አንጀቱ ነቅቷል! ቀና ስል ያኔ ገና አስተዋልኩ፤ ባለቤታቸው እግርጌ፣ ምራታቸው ራስጌ፣ የዕድር ሰዎች ግራና ቀኝ፣ ፕሮቴስታንት ጎረቤታቸው ደግሞ እጃቸውን ይዛ እየጸለየች። አባባ መሃል ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ተኝተዋል።

“ይቅርታ፣ ሁላችሁም ውጭ ግቢው ውስጥ ትቆዩልኝ?” አልኩ።

ባለቤታቸው ደነገጡ። “ምነው ልጄ፣ ባሰባቸው እንዴ?”

“አይደለም እማማ፣ ላራምዳቸው ነው። መንቀሳቀስ ለአንጀት ጥሩ ነው።”

ቱቦውን ዘጋሁና ትራስ ሰጥቼ ቁስላቸውን ደገፍ አድርገው እንዲይዙ አሳየኋቸው። ክንዳቸውን ይዤ በኮሪደሩ ቀስ እያልን መጨረሻው መስኮት ጋ ደረስን። የመስኮቱን ብረት አስያዝኳቸውና እዚያው አጠገባቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ባልዲ ይዛ ወደኛ ትመጣ የነበረችውን የጽዳት ሠራተኛ በእጄ ምልክት መለስኳት። ከዚያም ምንም እንደማልሰማ እንዲያውቁልኝ ጎላ አድርጌ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

“ልጄ” አሉ ከኋላዬ።

“አቤት አባባ።”

“ያ… ሐኪሙ የሚለው ነገር…”

“ወጣ?” ብዬ ጮህኩ።

“ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!” ግን ዓይናቸው እየሳቀ ነበር። “ወጣ። ደጋግሞ ወጣ።”

ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅሁ። እሳቸውም ትራሱን ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው፣ “ተይ አታስቂኝ፣ ያመኛል!” እያሉ ሳቁ።

ተመልሰን አስተኝቻቸው ሰዎቹ ሲገቡ፣ ባለቤታቸው ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ገና ሳልናገር እልልታቸውን አቀለጡት። የዕድር ሰዎቹም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏቸው። ከወዲያኛው አልጋ አንድ በሽተኛ፣ “ምን ተገኘ?” ሲል ጠየቀ።

“አየር!” አሉ እማማ።

አባባ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ።

ዶክተሩ መጥቶ ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ ለስልሷል። ትንሽ ቆይተን ቱቦውን አወጣንላቸው። ከሰዓት በኋላ ውሃ በማንኪያ አቀመስኳቸው። አፋቸው ውስጥ አቆይተው አቆይተው ዋጡትና፣ “ውሃ ጣዕም አለው ለካ!” አሉኝ።

ያን ቀን ሥራ ጨርሼ ቤት ስገባ እናቴ፣ “ዛሬ ምን አገኘሽ? ፊትሽ በርቷል” አለችኝ።

“አንድ ሰው ዳኑልኝ” አልኳትና ቁጭ አልኩ። እህል ሳልቀምስ መዋሌ ትዝ ያለኝ ገና ያኔ ነው።