ለባልቴቷ ውሃ የቀዳሁበት ዘመን

ጎባ ስንገባ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥድ ቆርጠን አጥር አጠርን፤ በአጥሩ ውስጥ የአለቃችን አዳራሽ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው ደግሞ የእኛ የወታደሮቹ ጎጆዎች ተሠሩ። የእኛ ሰው ያን ጊዜ አገር ያቀናንበት ይለዋል። የባሌ ሰው የሚጠራበት ሌላ ስም አለው፤ ቋንቋውን ከለመድኩ በኋላ እኔም ሰምቼዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ዘመቻው ሳይሆን ከዘመቻው በኋላ ስለተሰጠኝ አንድ ሥራ ነው።

የሸዋ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ለድቁና ታጭቼ ነበር፤ ጠመንጃ ወደድኩና ተውኩት። ጾሙንና ስግደቱን ግን አልተውኩም። በጦር ሰፈር ውስጥ እንኳ ከሁሉ ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን የምገባ፣ ከሁሉ ኋላ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ሰው ይህን ያውቅልኝ ነበር፤ እኔም መታወቁን እወድ ነበር።

ከሰፈርን በኋላ ገባሮች ተመሩልኝ፤ አንዳንዶቹ ከሲናና በኩል፣ ሌሎቹ ከከተማው ሥር ካለው መንደር። ወንዶቹ ገብስ ያገባሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ አጥር ያጥራሉ። በቅርብ ያሉት ሴቶች ለቤቴ ውሃ ይቀዳሉ፣ እህል ይፈጫሉ። ሚስቴም ከሸዋ መጣችና እንደ ሰው ቤት ያዝን። ይህ ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር። ሌላ ዓይነት አኗኗር ይኖራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የነፍስ አባቴ ከሠራዊቱ ጋር የመጡ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ንግግር አያበዙም። በመጀመሪያው ሁዳዴ ንስሐ ልገባ ሄድኩና ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ነገርኳቸው። በውጊያው ቀን በአንድ ኮረብታ ላይ ጭጋጉ ገለጥ ሲል አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁ። ጦሩን ጥሎ ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቷል። መማረኩን አውቄያለሁ። አውቄም ተኮስኩ። ከዚያ ፊቱን ሳላይ አልፌው ሮጥኩ።

ቄሱ ሰውየው እናት ነበረችው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ከገባሮቼ መካከል በዚያ ዘመቻ ልጅ የሞተባት ትኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። አንዲት ነበረች። ከመንደሩ ዳር፣ ከቶጎና ወንዝ ቀና ብሎ ባለው ገደል አጠገብ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት። አንድ ልጅ ነበራት፤ ከዚያ ኮረብታ አልተመለሰም።

«እስከ መጪው ዓመት ፋሲካ ድረስ በየማለዳው ውሃ ትቀዳላታለህ» አሉኝ። «በእንስራ፣ በገዛ ጀርባህ።»

ሰው ልላክላት አልኳቸው። እምቢ አሉ። ስግደቱን እጥፍ ያድርጉልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ስግደቱን ትወደዋለህ። የምትወደውን ነገር ቀኖና ብዬ አልሰጥህም።»

በመጨረሻ ማምለጫ መስሎኝ እሑድ እሑድስ ቅዳሴ ይቀርብኛል አልኳቸው። «እሑድ አይጠማትም?» ብለው ጠየቁኝ።

እንስራ የሴት ዕቃ ነው። ወንድ፣ ያውም ወታደር፣ እንስራ አዝሎ የታየበት አገር አላውቅም። ሚስቴ የራሷን እንስራ ስትሰጠኝ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። በመጀመሪያው ማለዳ ወንዙ ዳር ያሉት ሴቶች አይተውኝ ሳቁ፤ ቀጥለው እኔ ማን እንደሆንኩ ሲለዩ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከሳቃቸው ይልቅ ከበደኝ። ገመዱን ማሰር አልችልበትም ነበርና እንስራው ከወገቤ ተንሸራቶ አቀበቱ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛ እንስራ ከቤት አምጥቼ እንደገና ወረድኩ።

ባልቴቷ ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ የቆዳ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች። ደጃፏ ላይ ሳወርድ እንስራውን ተመለከተችው፤ ከዚያም በሁለት እጇ አዘንብላ ውሃውን በሙሉ መሬት ላይ ደፋችው። ባዶውን መለሰችልኝና ገባች። በማግስቱም ደፋችው። ሁዳዴው እስኪያልቅ በየቀኑ ደፋችው።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ውሃው ካልተጠጣ ድካሙ ለምን ነው አልኩ።

«አጠጣት አላልኩህም» አሉኝ። «ቅዳላት ነው ያልኩህ።»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ወራት በልቤ ውስጥ ፍቅርም ትሕትናም አልነበረም። አቀበቱን የምወጣው እየተሳደብኩ ነው። የታዘዝኩት እግዚአብሔርን ፈርቼ ብቻ ነበር። መታዘዝ ከፍቅር ያነሰ ነገር እንደሆነ ሰባኪዎች ይናገራሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሌላ የማቀርበው ነገር አልነበረኝም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብና ጭጋግ አገሩን በሸፈነው በአንዱ ማለዳ፣ ባልቴቷ ውሃውን ሳትደፋ ወደ ውስጥ አስገባችው። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። ምናልባት ጭቃው አቀበቱን አክብዶባት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ስደርስ «ቢሻን» ትለኛለች፤ ውሃ ማለት ነው። እኔም «ቢሻን» እላለሁ። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እርሱ ነው። ቀስ በቀስ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጅብ ጥቂት ጥቂት መነጋገር ጀመርን።

በዚህ መካከል የጦር አለቃዬ አስጠራኝ። ነገሩ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ገባሮቹ፣ ጌታው ውሃ የሚቀዳ ከሆነ እኛ ለምን እንቀዳለን እያሉ ነው ተባለ። ቀኖና መሆኑን ገለጽኩለት።

«ቀኖናህን ቤትህ ውስጥ ጨርስ» አለኝ። «ይህ የአገር ሥርዓት ማፍረስ ነው።»

«ጌታዬ፣ የታዘዝኩት በእግዚአብሔር ስም ነው፤ ልተወው አልችልም» አልኩት።

አልቆጣም። ከገባሮቼ ገሚሶቹን ወስዶ ለሌላ ሰጠ። ባልቴቷን የሚፈልግ ስላልነበረ ለእኔ ቀረች። ግብር ሲበላም መቀመጫዬ ከአዳራሹ መሐል ወደ በሩ ወረደ። ከሸዋ አብረውኝ የመጡ ሰዎች «ውሃ ቀጂው» ይሉኝ ጀመር። ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ቀኖናው ከመፈጸሙ በፊት፣ ገብሱ ማሸት ሲጀምር፣ የነፍስ አባቴ በብርድ በሽታ ታመው ዐረፉ። ከተቀበሩ በኋላ ወደ ሌላ ቄስ ሄጄ የተሰጠኝን ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ቀኖና ሰምቼ አላውቅም፣ ይበቃሃል፣ ፈትቼሃለሁ አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ሦስት ቀን ውሃ ሳልቀዳ ተኛሁ። ሚስቴም ደስ አላት።

ከሦስቱ ቀን በኋላ ለእንጨት ወደ ገደሉ በኩል ስወርድ ባልቴቷን አየኋት። ምርኩዟን ይዛ፣ ቅል አንጠልጥላ፣ ወደ ወንዙ የሚያወርደውን መንገድ ቁጢጥ እያለች ትወርድ ነበር። ሮጬ ደረስኩና ቅሉን ከእጇ ወሰድኩ። ታመህ ነበር ወይ አለችኝ። አልታመምኩም፣ ተፈትቼ ነው አልኳት። ከምን ነው የተፈታኸው አለችኝ።

ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ማለዳ ተመላልሼ ለምን እንደመጣሁ ጠይቃኝ አታውቅም ነበርና፣ ስትጠይቀኝ መዋሸቱ ከበደኝ። መንገዱ ዳር ተቀመጥን። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭጋጉን፣ የተጣለውን ጦር፣ የተዘረጉትን እጆች።

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ልጄን የገደልከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አላውቅም። ፊቱን አላየሁም።»

«ረጅም ነበር?»

«አላስታውስም፣ እናቴ።»

ቅሉን ከእጄ ወሰደች። ተነስታ ብቻዋን ወረደች፤ ቀዳች፤ ወጣች። በየጥቂት እርምጃው እየቆመች ትተነፍሳለች። ላግዛት አልደፈርኩም፤ ጥያትም ልሄድ አልቻልኩም። ከኋላዋ በሩቁ ተከተልኳት። ቤቷ ስትደርስ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ማለዳ እንስራውን አዝዬ ሄድኩ። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ፤ በነጋታው ስመጣ ተደፍቶ አገኘሁት። እንደ መጀመሪያው በየቀኑ ይደፋ ጀመር። በዚህኛው ጊዜ ግን አቀበቱን ስወጣ አልተሳደብኩም። መድፋቱ መብቷ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ቀድሞ የምቀዳው ለራሴ ነፍስ ነበር፤ አሁን ግን ሴትዮዋ ውሃ ስለሚያስፈልጋት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የነፍስ አባቴ በሕይወት ሳሉ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ ምናልባት ቢነገረኝም አይገባኝም ነበር።

ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንስራውን ከጀርባዬ ራሷ አወረደችልኝ። «ታኢ» አለችኝ፤ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ተቀመጥኩ። የገብስ ቆሎ በእጄ ዘገነችልኝ። ስለ ልጇ ምንም አልተነሳም። ቆሎውን ጨርሼ ተነሣሁና ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረች። ውሃውን ቀጠልኩ። ዓይኗ ሲደክም እህሏንም ለማስፈጨት ሞከርኩ፤ የመንደሩ ሴቶች ግን ሽሙጧ ሰልችቷቸው ኖሮ መፍጨቱን በእኔ ላይ ጣሉት፤ ወፍጮም ለመድኩ። ሚስቴ በመጀመሪያ ይህን ስትሰማ ወደ ሸዋ እመለሳለሁ ብላ ዕቃዋን ጠቀለለች። አልሄደችም። በአንዱ ክረምት ባልቴቷ ስትታመም ሚስቴ ሳልጠይቃት አጥሚት ይዛ መጣች፤ ገላዋንም አጠበቻት፤ ይህ እኔ ልሠራው የማልችለው ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤታችንን ውሃ ገባር ሴቶች እንዳያመጡ ሚስቴ ራሷ ከለከለች። እኔ አላዘዝኳትም። ለምን እንደሆነም አልነገረችኝም።

ባልቴቷ የሞተችው በመኸር ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቃል ተናግራ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ምሬሃለሁ ብላህ ነበር ወይ ይሉኛል። አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። በእርሷ ውስጥ የነበረው ምን እንደነበር አላውቅምና የማላውቀውን አልጽፍም። የማውቀው ትቀበለኝ እንደነበረ ነው።

ዘመዶቿ እንደ ሥርዓታቸው ቀበሯት። ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መቆፈሪያ ዘረጋልኝ፤ ከወንዶቹ ጋር ተራዬን ቆፈርኩ። መሬቷን አለቃዬ ወደ እኔ ሊያዞረው ሲል የእኅቷ ልጅ ወራሽ መሆኑን በዳኛ ፊት መሰከርኩ፤ ለእርሱም ጸናለት። አለቃዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አላነጋገረኝም፤ እኔም መሐል አዳራሽ ለመቀመጥ ጉጉት አልነበረኝም።

ከቀብሩ በኋላ ማለዳ ማለዳ ሥራ ፈትቼ ደጃፌ ላይ እቀመጥ ነበር። እጄ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ጥቂት ቀን እንዲህ ካየችኝ በኋላ ሚስቴ ከታች መንደር መንታ የወለደች ሴት እንዳለች፣ ባሏም ጎሮ ገበያ ሄዶ እንዳልተመለሰ ነገረችኝ። ተነሥቼ እስክዘጋጅ ድረስ ሚስቴ እንስራውን አዝላ፣ ገመዱን በትከሻዋ አጥልቃ ቁልቁለቱን ትወርድ ነበር። እኔ ለወላዷ እንጨት ፈለጥኩ።