ከጆሮ ሥር ያለው አጥንት

ቢቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሞጣ መለስ ብሎ ባለው በአባቴ አገር ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር መሠረት ሲቆፈር የጥንት መቃብር ተገኘና አጥኚዎች መጡ። ከሺህ ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም አሉ። እንግሊዝኛውም ሳይንሱም አያቅታትም ተብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ጓንትና ጭንብል ሲሰጡኝማ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

አባቴ ሰማንያን ተሻግረዋል። ሰባት ቤት ቆጥረው አገሩን ካቀኑት አባት ይደርሳሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቁት የለም። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ እዚያ የተኛው ሰው የእኛ ወገን መሆኑን ሳይሞቱ ማወቅ። ከሆነ ከዘመዶቻቸው ጎን ሊያሳርፉት፣ ተዝካሩንም ሊያወጡለት። አጥኚዎቹም፣ የማን አያት እንደሆነ ለይተን ባንናገርም ከአገሩ ሰው ጋር መዛመዱን ግን ልናውቅ እንችላለን ብለዋቸዋል።

ሳይደቅ የተገኘው ራስ ቅል አንድ ብቻ ነው። ከጆሮ ሥር ያለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤን ከሌላው አብልጦ ስለሚያቆይ፣ እሱ ተወስዶ የቀረው ሁሉ በሳምንቱ እንዲቀበር ከደብሩ ሽማግሌዎች ጋር ተስማሙ። በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ የሕያው ሰው ላብና ምራቅ የሙታኑን ዲኤንኤ ይሸፍነዋል። ከተበከለ የማን እንደሆነ ለመለየት እንዲመች፣ ከሁላችንም፣ ከአባቴም ጭምር፣ ከጉንጫችን ውስጥ በጥጥ ናሙና ወስደዋል።

ባለሙያዎቹ ምሳ ሲሄዱ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። አባቴ በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸውን በጸበሉ አርሰው ከራስ ቅሉ ላይ፣ ከጆሮው ሥር ሳይቀር፣ አፈሩን ጠረጉለት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። እኔ ጓንቴን እንዳጠለቅሁ ቆሜ አያለሁ። ይተዉ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አይገባቸውም ብዬ ነው። ለአጥኚዎቹም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ።

ከወራት በኋላ ከአጥኚዎቹ አንዷ ደወለችልኝ። የተገኘው ዲኤንኤ የአባትሽ ነው፤ ከሟቹ የሚነበብ ነገር አልተገኘም አለችኝ። ደረቁ አጥንት ጸበሉን ከነላቡ መጥጦት ኖሯል። የቀረው አጥንት ደግሞ ተቀብሯል።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ውጤቱን ጠየቁኝ። የእርስዎ ዲኤንኤ ተገኘበት አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ አላልኩሽም ብለው አማተቡ። እዚያ ላይ ዝም ብል ደስ እንዳላቸው ይኖሩ ነበር። አልቻልኩም። ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው፣ ቀስ ብዬ፣ ስለ ላቡም ስለ ምራቁም ነገርኳቸው። መድገም እንኳ አላስፈለገኝም፤ ባንዴ ገባቸው።

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«አንቺ እዚያው ቆመሽ ነበር፣ አይደል?»

«ነበርኩ፣ አባባ።»

«ብትነግሪኝ እኮ እተወው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።