ከእትብት የመጡት ገዳዮች

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ጋሽ እንዴት» ነው የሚሉት። ሠላሳ አራት ዓመት የከባድ መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም፣ የአንዲት ብሎን ሥራ ሳይገባው እጁን ከሞተር አውጥቶ አያውቅም። ባለመኪናው «ኧረ ጨርስልኝ!» ብሎ ቢነዘንዘው እንኳ፣ «ቆይ፣ እንዴት ተበላሸ?» ይላል እንጂ ንቅንቅ የለም።

አንገቱ ሥር ያበጠው ንፍፊት ካንሰር ነው ሲሉት ግን የሚጠይቀው ጠፋው። ኬሞ ወሰደ፤ ተሻለው። በዓመቱ ተመለሰበት። ደግሞ ወሰደ፤ ደግሞ ተመለሰ። ያኔ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱና ወደ ሚስቱ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ገና በጥናት ላይ ያለ ሕክምና አለ። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች እንሰጥዎታለን።»

«ገዳይ?» አለች ሚስቱ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

«ስማቸው ነው እትዬ። በሁላችንም ደም ውስጥ አሉ፤ የታመመ ሴል ሲያገኙ ይገድላሉ። የእርስዎዎቹ ካንሰሩን አላወቁትም። አሁን የምንሰጥዎት ግን ለይተው እንዲያውቁት ላብራቶሪ ውስጥ ተለውጠዋል።»

«ከየት ነው የሚመጡት?» አለ እሱ።

«ከእትብት ደም። ልጅ ሲወለድ እናትየዋ ፈቅዳ የሰጠችው።»

ዞረበት። እሱ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ጥርስ ባላወጣ ሕፃን ደም ሊድን? «የማን ልጅ? ገላዬ የሰው ደም አልቀበልም ብሎ ቢፋጁስ?»

«የማን እንደሆነ እኛም አናውቅም። እነዚህ ሴሎች ባዳ ገላ ውስጥ ብዙ አይረብሹም፤ የመረጥናቸውም ለዚህ ነው። ይሠራል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

የፈቃድ ወረቀቱን ሁለት ቀን ሲያገላብጠው ከረመ። በሦስተኛው ሚስቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «ዳቦ እንዴት ደም እንደሚሆን ታውቃለህ? ትበላለህ እንጂ! ፈርም።»

ፈረመ። ለእንግዶቹ ሴሎች ቦታ ይለቀቅ ተብሎ ሦስት ቀን ኬሞ ሰጡት። ከዚያ ነርሷ ከመዳፍ የማትበልጥ ከረጢት አንጠለጠለች፤ ውስጧ ድፍርስ ውሃ የመሰለ ነገር። በሩብ ሰዓት አለቀ።

«በቃ?»

«በቃ።»

ተጋደመና ውጊያው እስኪሰማው ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሲያተኩሰው «ተጀመረ!» ብሎ ደስ አለው። በማግስቱ ትኩሳቱ ጠፋ። አለቀ ማለት ነው? ወይስ ጭራሽ አልተጀመረም? የሚነግረው አጣ።

በወሩ ሲቲ ስካን ሲነሳ እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል። በስድስት ወሩ ውጤት ሲጠራ ሚስቱ «እኔ አልሰማም» ብላ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ ብቻውን ገባ።

«ዕጢው አይታይም ጋሼ» አለች ሐኪሟ።

«ሴሎቹስ?»

«ደምዎ ውስጥ አላገኘናቸውም። ሥራቸውን ጨርሰው ሞተዋል ብለን እናስባለን።»

«ታዲያ አሁን የሚጠብቀኝ ማነው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሱን እኛም ገና አላወቅንም። በየሦስት ወሩ የምንጠራዎት ለዚያ ነው።»

ሚስቱ ሲወጣ ፊቱን አይታ ምንም ማንበብ አልቻለችም። «ምን አሉህ? ተናገር እንጂ!»

«ዕጢው የለም። ገዳዮቹም ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር» አለች፣ ሳታስበው።

ተያዩ። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፤ እሱም ተከተላት፤ ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ። ስለ ደስታ ይሁን፣ ስለ ፍርሃት ይሁን፣ አንድ ቦታ እየዳኸ ላለው ለማያውቀው ልጅ ይሁን፣ አልለየለትም። አይኑን በእጅጌው ጠርጎ ክንዷን ያዘ።

«ነይ እንሂድ፤ ርቦኛል።»