ከበላቸው ቀድሜ አልወጣም

ብርክቲ የቁሐር ሚካኤል ሰው ትባል እንጂ የተወለደችው ከላይ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ተድራ ወደ ፎገራ ሜዳ ወረደች፤ ወልዳ አሳደገች፣ ባሏን ቀበረች፣ ሴት ልጇን ወረታ ከተማ ዳረች። አሁን ሃምሳውን አልፋ ከአራት ላሞቿና ከሩዝ ማሳዋ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ጨዋታ ታውቃለች፣ እንግዳ ትወዳለች፤ ሰው ማመን ግን አይሆንላትም። ማዳበሪያ ስትገዛ ከረጢቱን ሁለት ጊዜ ታስመዝናለች፤ አንድ ቄስ የጾሙን መያዣ ቢነግሯት እንኳ ሌላ ቄስ ዘንድ ሄዳ ታጣራለች ብለው ያሟታል።

ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትጠረጥረው ጎረቤቷን በላቸውን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ክረምት በፊት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ሰው ሁሉ ሸሸ። ብርክቲ ልጇ ቤት ሰንብታ በሳምንቱ ስትመለስ ደለሉ ማሳውን እንደ ምርጊት ለስኖታል፤ የወሰን ድንጋዩ የለም። በላቸው ግን ቀድሞ ገብቶ ችካል ተክሏል። መሬቷ በዓይኗ ጠበባት። ሽማግሌ ተቀምጦ ከፊሉ ተመለሰላት፤ የቀረው በክርክር ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ጎርፍ መጣ፣ ውጪ» የሚላት ሰው ሁሉ መሬቷን የቋመጠ ይመስላታል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ረፋድ፣ ፀሐይ ጥርት ብላ በወጣችበት ቀን፣ በላቸው ከአጥሩ ማዶ ተጣራ። ከላይ ያለው አማቹ ደውሎለት ኖሯል፤ ጉና ላይ ዝናብ ሲወርድ ነው ያደረው፣ ውሃው እየመጣ ነውና ቶሎ ውጡ ብሏል። ብርክቲ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የዳመና ዘር የለም።

«አንተስ መቼ ትወጣለህ፣ አያ በላቸው?»

«አንቺ ቅደሚ እቴ፤ እኔ ከብቶቹን ሰብስቤ እከተልሻለሁ።»

ያን ክረምትም ያላት ይህንኑ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ሄደች፤ ከዳሩ ሳትጠጋ ጉብታ ላይ ቆማ ተመለከተች። ውሃው ገና ከአፉ አልወጣም፤ ነገር ግን ደፍርሶ አረፋ ይዟል። በአረፋው መሀል ከነሥሩ የተነቀለ አስታ ሲንሳፈፍ አየች። አስታ የደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ ሜዳው ላይ አይበቅልም፤ በልጅነቷ ጉና ላይ ለማገዶ የለቀመችው እሱን ነው። በላቸው ሊዋሽ ይችላል፤ ውሃው ግን ምን አግኝቶ ይዋሻታል? እየሮጠች ተመለሰች።

የመሬት ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ጉያዋ ከተተች። ላሞቿን ፈትታ ጥጃዋን ከፊት አስቀደመች። እስከዚህ ድረስ ሁሉንም በወጉ አደረገች። ደጇ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። በላቸውም ከብቶቹን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል።

«ቅደሚ አልኩሽ እኮ።»

«ከኋላዬ ቀርተህ ምን ልትሠራ?»

«አንቺስ ከኋላዬ ቀርተሽ ምን ልትሠሪ?»

ለካ እሱም ይጠረጥራታል! ይህን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ተናደደች፤ ትንሽም ደስ አላት። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ጎን ለጎን ሊወጡ ተስማሙ። አንዱ ሌላውን በእርምጃ ሳይቀድም፣ ከብቶቻቸው ተቀላቅለው፣ ረባዳውን ተሻግረው ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ከፍታ ወጡ። የመንደሩ ሰው አብዛኛው ቀድሟቸዋል።

ገና ሳያርፉ በላቸው ኪሱን ዳበሰና ስልኬን ረስቻለሁ፣ ደርሼ ልምጣ አለ። ብርክቲ የጋቢውን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። ስልክ ሳይሆን ችካል ነው የታያት። እሱ ይጎትታል፣ እሷ ትጎትታለች። መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ከዛፍ ሥር ሆነው፣ ገበያ ላይ በአንድ ጋቢ የተጣሉ ሁለት ገዢዎች ትመስላላችሁ ብለው ሰዉን አሳቁት።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ረባዳው እኮ ገና ደረቅ ነው።»

«ደረቅ ከሆነ አብረን እንሄዳለን።»

ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ ከምሥራቅ በኩል የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ሳቁ ቆመ። ጎርፉ ዛፉንም ጭዱንም አግበስብሶ፣ ቅድም የተሻገሩትን ረባዳ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። መሀሉ ላይ ሰው ቢኖር ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም ነበር። በላቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። የጋቢው ጫፍ አሁንም ብርክቲ እጅ ውስጥ ነው።

ያኔ ነው ስልክ የጮኸው፤ ከበላቸው የደረት ኪስ። አማቹ ነበር፣ ወጣችሁ ወይ እያለ።

«ወጥተናል» አለ በላቸው፣ ወደ ብርክቲ ሳያይ። እሷም ጋቢውን እስኪመሽ አልለቀቀችም።

በአራተኛው ቀን ውሃው ሲሸሽ ከሁለቱ ብቻውን የገባ የለም። ሽማግሌዎች ይዘው አብረው ወረዱ፤ ደብተሩ ተከፍቶ ማሳው በገመድ ተለካ። የገመዱን አንድ ጫፍ ብርክቲ፣ ሌላውን በላቸው ያዙ፤ ችካሉ ሲተከልም የሁለቱም እጅ ነበረበት።

ታርቀዋል የሚል ካለ ተሳስቷል። ቀድሞ የሰማ ለሌላው ሊናገር፣ ሲወጡም ሲገቡም አብረው ሊሆኑ ግን ተስማምተዋል። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ በላቸው ውሃው እየመጣ ነው ብሎ ደወለላት። ሰላምታውን ትታ፣ «አንተ ራስህ ከቤት ወጥተሃል?» አለችው።

«ደጅሽ ላይ ቆሜያለሁ።»

በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየችው። ከብቶቹም አብረውት አሉ። ያን ጊዜ ላሞቿን ፈታች።