ባለ አንድ በር ግቢ

ጣልያን ሸዋ ሮቢትን ይዞ መንገድ በሚሠራበት ዘመን ለራሴ ማደሪያ አላጣሁም፤ ያዞረኝ የበቅሎ ማቆሚያ ፍለጋ ነው። ገብስ ከደጋ አውርጄ ጥጥና ጨው ይዤ የምመለስ ነጋዴ ነበርኩ፤ ሀብቴም ያቺው አንዲት በቅሎ ናት። ክፍል ያላቸው ግቢ የላቸውም፤ ግቢ ያላቸው ደግሞ የመንገድ ሠራተኛ ሞልቶባቸዋል። ከተገኘውም አጥሩ የሳሳ፣ በሩ የበዛ ግቢ ባሳዩኝ ቁጥር «ይሄማ የሌባ መጫወቻ ነው» እያልኩ አማረጥኩ።

በመጨረሻ በአውራ መንገዱ ዳር አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም እናት አንድ ጠባብ ክፍል ከነግቢው አከራዩኝ። ዙሪያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእሾህ አጥር፣ በሩ አንድ ብቻ። ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ግን ደንብ ነበራቸው።

«ክፍሉ ያንተ ነው፤ በቅሎዋ ግን የኔ አማና፣ የኔ አደራ ናት» አሉኝ። «ስትገባ ገመዱን በእጄ ትሰጠኛለህ፤ ስትወጣም ከእጄ ትቀበላለህ። እኔ ሳልፈታ አትፈታም።»

«እሺ እትዬ» ብዬ ገመዱን ሰጠኋቸው። በሆዴ ግን ስቄባቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጭነቴን ሸክፌ ልወጣ ስል አንድ የጣልያን ካሚዮን መጥቶ በራችን ላይ ተሰበረ። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ ጠልዞ ሄደ፤ መለዋወጫ ከደሴ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ተቀመጠበት። ሰው በጎኑ ተሹለክልኮ ያልፋል፤ በቅሎ አታልፍም። ውሃ ከወንዝ እያመጣሁ፣ ሳር እየተሸከምኩ፣ ተጫኙ እኔ ሆንኩ። ሙቀቱ ያፍናል። ደጋ ላይ ሚስቴ የበኩር ልጃችንን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ እኔ አማርጬ በያዝኩት ግቢ ታፍኜ የካሚዮን ጎን አያለሁ። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» የሚሉት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ሳምንት አለፈ። ገበያ ስወጣ፣ ጣልያን ለዘመቻ በቅሎ እየሰበሰበ፣ ባለቤቱንም አብሮ እየነዳ እንደሚወስድ ሰማሁ። እየሮጥኩ ገባሁ።

«እትዬ፣ የኋላውን አጥር ልቁረጥና በጎረቤትዎ ግቢ ልውጣ!»

«ሰውዬው አጣዬ ገበያ ሄዷል። የሰው አጥር ባለቤቱ በሌለበት አይጣስም ልጄ። ነገ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

እኔም ነውር መስሎ ታየኝና መጥረቢያውን አስቀመጥኩ። ጠላት አገር ጥሶ ገብቶ፣ እኛ የጎረቤት እሾህ ላለመጣስ እንጨነቃለን! ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቱ ሳይመጣ እነሱ መጡ፤ አንድ ጣልያን፣ አስተርጓሚና ሁለት አስካሪዎች። ሴትዮዋ ክፍሌ ውስጥ ገፍተው አስገቡኝና በሩን ዘጉብኝ። በስንጥቁ አያለሁ።

«በቅሎዋ የማን ናት?» አለ አስተርጓሚው።

«አማና ናት» አሉ ገመዱን እንደያዙ።

«ባለቤቷስ?»

«ገመዱ በእጄ ነው። የምትጠይቁት እኔን ነው።»

አንዱ አስካሪ በሰደፍ ትከሻቸውን መታቸው። ወደቁ፤ ገመዱን ግን አለቀቁም። ሌላው በጩቤ ቆረጠው። ከዚያ ጣልያኑ የመንገድ ሠራተኞች አስጠርቶ ካሚዮኑን አስገፋ። ሳምንት ሙሉ እንዳይነካ የተባለው ካሚዮን ባንድ አፍታ ዘወር አለ፤ በቅሎዬም ወጣች።

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ወጥቼ «የእኔ ናት» አላልኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሴትዮዋ ተነሥተው የክፍሌን በር ከፈቱልኝ። ቁራጩን ገመድ በደህና እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ያስረከብከኝን ማስረከብ አልቻልኩም። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። «የግቢው በር ተከፍቷል፤ ሚስትህ ጋ ሂድ።»

አፉ በሉኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ገመዱን ከእጃቸው ተቀበልኩና በዚያ በተከፈተው በር አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።