የይማም ሣጥን

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተነፈስኩም። ከእኔና ከበደልኩት ሰው በቀር ሙሉውን የሚያውቀው የለም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት፣ ገርጂ አንድ አናጺ ዘንድ ሙያ ልማር ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። አብሮኝ የሚማረው ይማም የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ዝምተኛ። ስድስት ወር እንደሞላን ጋሽ ሰይድ ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብቻ ነው የማስቀረው አሉን። ከዋንዛ ጣውላ፣ በአንድ ልክ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን እንድንሠራ አዘዙን።

የኔ ማዕዘኑ አልገጥም አለ። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት። የይማም ግን ጥፍር አያስገባም ነበር።

ዓርብ ሁለቱም ለጁምዓ ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። ከሣጥኖቹ ሥር የየስማችንን መነሻ ፊደል በእርሳስ ጽፈን ነበር። እኔ የሱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። እኔ የኔን ጻፍኩበት። በኔ ሣጥን ላይ ደግሞ የሱን። እሱ ሲሰግድ እኔ ሰረቅሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን የዚያን ዕለት ገርጂ አልመጣም። እኔው ነኝ።

ጋሽ ሰይድ ተመልሰው የኔ የተባለውን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ማዕዘኑን ዳሰሱት። ሴት ልጅ መላጊያ አትገፋም ይሉ የነበሩት ሰውዬ ደግመው ዳሰሱት። የይማም የተባለውን ክፍተት ሲያዩ ግን ይማምን ምን ነካህ ብለው ጠየቁት። እሱ የኔ የተባለውን የገዛ ሣጥኑን ገልብጦ፣ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«እጄ ሰንፎ ነው ጋሼ» አላቸው። ያንን የኔን ጉድ ታቅፎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ጋሽ ሰይድ ንቀውኝ ነበር፤ ልክ ነው። ስረቂ ግን አላሉኝም። ከዚያ ወዲህ ሙያውን በላቤ ተምሬያለሁ፤ በሙያዬ አላፍርም፤ መላጊያዬንም አላስረክብም። ታዲያ ይህ ያነጻኛል? አያነጻኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሃያ ሁለት ታክሲ ያዝኩ፤ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ ይማም ነበር። ደኅንነት ተጠያየቅን። ከዚያ መንገዱን እያየ፣

«አውቄ ነው የተውኩልሽ፤ አይቆጭሽ» አለኝ።

ስንት ዓመት የተመኘሁት ቃል ነው። አልተቀበልኩትም።

«አልተውክልኝም። ሰርቄህ ነው» አልኩት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ።

ሃያ ሁለት ሲደርስ ታክሲውን አቆመ። ስወርድም ይቅር አላለኝም። እኔም አልለመንኩትም፤ እናንተንም አልለምንም።