የሃዋይ ውልና የአቶ ዘርኣይ ፊርማ

አቶ ዘርኣይ ከሚኖሩባት የኔዘርላንድ ከተማ ከካፔለ አን ደን አይሰል እየተመላለሱ፣ ዴን ሃግ (ሄግ) በሚገኝ አንድ የሰነድ ቤት የቆዩ መዛግብትን ለአንባቢዎች ያወጣሉ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ አደጉ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ኤርትራዊ ናቸው ተብለው ተባረሩ። የልደት ወረቀታቸውም በዚያው ጠፋ። ኽሜንተው፣ ማለትም የከተማቸው ማዘጋጃ ቤት፣ የያዘው መዝገብ ዜግነታቸውን "አይታወቅም" ይላል። የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ፓስፖርት ስለሌላቸው ሃያ ዓመት ከኔዘርላንድ ርቀው አልሄዱም።

አዲስ አበባ ያለችው እኅታቸው ነብያት በጠና ስትታመም፣ ልጃቸው ፊልሞና የፍርድ ቤት ቅጽ ይዛ መጣች።

"ባባ፣ ሀገር አልባ መሆንህን ዳኛው ካጸደቀልህ የጉዞ ሰነድ ይሰጡሃል። ኽዎን፣ ዝም ብለህ ፈርም፣ በቃ።"

"ሁለት ሀገር ያለኝ ሰው፣ አንድም የለኝም ብዬ አልፈርምም!"

ቅጹ መሳቢያ ገባ።

በሳምንቱ ኬኣላ የምትባል የሃዋይ መምህርት ሰነድ ቤቱ መጣች። የፈለገችው የሃዋይ ንጉሣዊ መንግሥትና ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1862 እዚያው ዴን ሃግ የተፈራረሙትን ውል ነበር። አቶ ዘርኣይ ሳጥኑን አመጡላት።

"ይህ መንግሥት ዛሬ የት አለ?"

"እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ነፃነቱን ያወቁለት ነበር። በ1893 ግን የአሜሪካ ወታደሮች ባሉበት ንግሥታችንን ከዙፋን አወረዷት። ሀገራችንን ለአሜሪካ አሳልፈን የሰጠንበት ውል እስከ ዛሬ የለም።"

"እርስዎስ በየትኛው ፓስፖርት መጡ?"

ኬኣላ አንገቷን ደፋች። "በአሜሪካ።"

ውሉን ወደ ሳጥኑ እየመለሰችም "ንግሥቲቱን በገዛ ቤተ መንግሥቷ አስረው፣ ዙፋኔን ትቻለሁ ብለሽ ፈርሚ አሏት" አለች። "እንቢ ካለች ሰዎቿ ሊገደሉ ነው። ፈረመች።"

"ሕዝቡስ ናቃት?"

"ቅድመ አያቴ እስክትሞት ድረስ ንግሥታችን ትላት ነበር።"

አቶ ዘርኣይ በበነጋው ቅጹን አውጥተው ፈረሙ። ፊልሞና ወረቀቱን ያዘችላቸው።

ፍርድ ቤቱ ዐሥራ አንድ ወር ፈጀ። ነብያት በሰባተኛው ወር ዐረፈች፤ አቶ ዘርኣይ ቀብሯን ሥራ ቦታቸው ምድር ቤት ቆመው በስልክ አዩ። ከዚያ ውሳኔው መጣ፣ የጉዞ ሰነዱም ተከተለ። ለሙት ዓመቷ ለመድረስ የኢትዮጵያ ቪዛ ጠይቀዋል። ፊልሞና በየሳምንቱ ወደ ኤምባሲው ትደውላለች።

"ምን አሉሽ?" ይላሉ።

"ይጠብቁ አሉ።"